አሥራ አንደኛው ቤት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ጤና መድን ነው። አርእስቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበቡ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የሽማግሌና የባላገር ጉዳይ ነው፤ እኛ ወጣቶችና ጤነኞች ነን፤ ምን አገባን?» እያሉ እንደ ሳቁብን ሰምተናል። አልተቀየምንም። ነገር ግን ንግግራችንን ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ እናቀርብላቸዋለን፤ የእናታችሁ የጤና መድን ደብተር ዘንድሮ መታደሱንና አለመታደሱን ታውቃላችሁን? ይህንን ጥያቄ ስለ ንግግሩ ለመመካከር በተሰበሰብንበት ቀን እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ ከአምስታችን ሦስታችን መልስ አጣን። ስለ ዓለም ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች የገዛ ቤታችንን አናውቀውም ነበር። ንግግራችን የመነጨው ከዚያ ዕለት እፍረት ነው ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

በአገራችን ድኃ ሰው ሲታመም ሕመሙ ሁለት ነው። አንደኛው የሰውነት ሕመም ሲሆን ሁለተኛው የገንዘብ ሕመም ነው። ለካርድ፥ ለምርመራ፥ ለመድኃኒት፥ ለአልጋ በየመስኮቱ ይከፈላል። እርግጥ ነው፥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድን፥ ክትባትን፥ የቤተ ሰብ ምጣኔንና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሁሉም በነጻ የሚሰጡ ናቸው። ከዚህ ውጭ ላለው ሕመም ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ማምጣት ነበረበት። ይህ ወረቀት ብዙ ሰው እንዳዳነ አንክድም። ዳሩ ግን አሠራሩ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም ሰውየው ድህነቱን የሚያስመሰክረው ከታመመ በኋላ መሆኑ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲያፈላልግ ይውላል፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። በሽታው ግን ስብሰባ አያውቅም።

ይህንን ለማሻሻል ሁለት ዓይነት መድን ታሰበ። ለደመወዝተኛው በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። በዕቅዱ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፥ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ለብዙ ዓመታት ሳይጀመር ቆየ። ደመወዝ ለሌለው ለገበሬው፥ ለሸማኔው፥ ለጉልት ቸርቻሪዋ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ወረዳዎቹም በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የሚገኙ ነበሩ፤ ፎገራ፥ ደቡብ አቸፈር፥ ተሁለደሬ፥ ኩዩ፥ ደደርና ክልተ አውላዕሎ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መዋጮው በትግራይ ለአንድ ቤተ ሰብ በወር 11 ብር፥ በኦሮሚያ 15 ብር፥ በደቡብ 10 ብር ከ50 ሳንቲም፥ በአማራ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 3 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ወደ ብዙ ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፋ፤ መዋጮውም በየጊዜው ከፍ እያለ ሄደ።

አሠራሩን ለማስረዳት የእንግሊዝ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። ዕድር የምናውቅ ሕዝብ ነን። በዕድር ውስጥ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ድንኳኑን፥ ወንበሩን፥ ንፍሮውን ያገኛል። ሐዘን ያልደረሰበት ሰው «ገንዘቤ ቀለጠ» አይልም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ለእኔ አልደረሰም» ይላል። የጤና መድንም እንዲሁ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው የአንዱ ሕመም በመቶ ቤት ላይ ሲካፈል ይቀላል። ጤነኛው ቀርቶ የታመመ ብቻ ቢገባ ግን ሣጥኑ በአንድ ዓመት ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ነው አባልነቱ በሰው ሳይሆን በቤተ ሰብ የሆነው።

ይህ አሠራር ጥሩ ነገር አድርጓል ወይ ብትሉን፥ አዎን፥ አድርጓል። በሙከራው ወረዳዎች የተደረጉ ጥናቶች አባል የሆኑ ቤተ ሰቦች አባል ካልሆኑት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ አዘውትረው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። በገጠር የተወለድን ሁሉ ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን እናውቃለን። ቀድሞ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በቃሬዛ ነበር፤ አሁን ገና ሳል ሲጀምረው በእግሩ የሚሄድ አለ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ወቀሳ መድኑን ለማፍረስ ሳይሆን ለማጽናት መሆኑን አስቀድማችሁ እንድትረዱልን እንለምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መድኑ ሲመጣና ከመጣም በኋላ ሲለዋወጥ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ምን ሆነ?

መጀመሪያ የምንመለከተው የድኃ አመራረጥን ነው። መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተ ሰቦች በክልልና በወረዳ ገንዘብ አባል እንዲሆኑ ተወሰነ። ይህ ከቀድሞው የነጻ ወረቀት እጅግ ይሻላል፤ ሰውየው ሳይታመም ደብተሩን ይይዛልና። ነገር ግን ለነዚህ ሰዎች የታሰበው ቦታ ከመቶ ቤት 10 ቤት ያህል ነበር። ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር ጋራ እናስተያየው። መንግሥት ራሱ ባወጣው መግለጫ ሙከራው በተጀመረበት በ2003 ዓ.ም. ከድህነት መስመር በታች ይኖር የነበረው ሕዝብ 29.6 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆነ። ሰው መቍጠርና ቤት መቍጠር አንድ አይደለም፤ ሆኖም ሒሳቡ በግምት ይታያል። በአንድ ቀበሌ ከመቶ ቤት ሃያ አራቱ ድኃ ቢሆኑና ዐሥሩ ብቻ ቢጻፉ፥ ዐሥራ አራቱ ድኆች «ከፋይ» ይባላሉ ማለት ነው። ከነዚህም የመጀመሪያውን «አሥራ አንደኛው ቤት» ብለን ጠራነው። የንግግራችንም ስም ይኸው ነው።

አሥራ አንደኛውን ቤት ከመካከላችን አንዱ ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት በወሎ ገጠር ወደ ትውልድ ቀበሌው በሄደ ጊዜ ጎረቤቱን፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «እትዬ» እያለ የሚጠራቸውን ሴት ሊጠይቅ ገባ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ፤ ትንሽ መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ያሳርሳሉ፤ አረቄም ያወጣሉ። ያን ጊዜ አንዲት ላም ነበረቻቸው። ደብተሩን ሁለት ዓመት ከፍለው አሳደሱ። በሦስተኛው ዓመት ግን ማሳደሻው ወር በደረሰ ጊዜ በእጃቸው የነበረው ገንዘብ ለማዳበሪያ ዕዳ ሄደ። «የሚመጣው ዓመት እከፍላለሁ» አሉ። በግንቦት ትንሿ ልጅ በሳንባ ምች ወደቀች። በጤና ጣቢያው መስኮት ደብተሩ ታየ፤ «አልታደሰም» ተባሉ። ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ለመኪና፥ ለአልጋ፥ ለመርፌና ለመድኃኒት ላሚቱ ተሸጠች።

ጓደኛችን «እትዬ፥ ለመሆኑ ከነጻዎቹ ዝርዝር ውስጥ ለምን አልጻፏችሁም?» ብሎ ጠየቀ።

«ሄጄ ነበር ልጄ» አሉት። «‹መሬት አለሽ፥ ላም አለሽ፥ ካንቺ የባሰ አለ› አሉኝ። እውነትም ነው፤ ከእኔ የባሰ አለ። የባሰ ሰው እያለ እኔን ጻፉኝ ብዬ እንዴት እጣላለሁ?»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጻፉኝ። ላሟ የለችማ!»

ልጅቱ ድናለች፤ ስለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ይህንን ታሪክ ጓደኛችን በነገረን ማታ ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። የቀበሌው ኮሚቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ዐሥር ቦታ ተሰጠው፥ ዐሥር ቤት ጻፈ። ጤና ጣቢያውም ሕጉን ፈጸመ። ሁሉም የታዘዘውን አደረገ፤ ውጤቱ ግን አንዲት ሴት በነጻ ለመታከም መጀመሪያ ላሟን መሸጥ እንዳለባት ሆነ። መድን የተፈጠረው ሕመም ሰውን እንዳያደኸይ ነው። እኒህን ሴት ግን የረዳቸው ከደኸዩ በኋላ ነው። ይህ ነው ዛሬ የምንከራከርበት ነገር።

ሁለተኛው ነገር የመንግሥት ድጎማ መለወጥ ነው። በሙከራው ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ከጠቅላላው መዋጮ 25 በመቶ የሚሆነውን ይደጉም ነበር። አሠራሩ ወደ ብዙ ወረዳዎች በተስፋፋ ጊዜ ይህ ድጎማ ወደ 10 በመቶ ዝቅ አለ። ወረዳው ሲበዛ ገንዘቡ መዳረስ ስላለበት ነገሩ የሚገባን ነው። ነገር ግን ከ25 ወደ 10 ሲወረድ የቀረው 15 በወረቀት ላይ አልጠፋም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ወይ አባሉ በመዋጮ ጭማሪ ይከፍለዋል፥ ወይ ጤና ጣቢያው በመድኃኒት እጦት ይከፍለዋል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው አንድ ደጃፍ ነው።

ሦስተኛው የመዋጮው አጣጣል ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው መዋጮ ለሁሉም እኩል ነበር። ባለ ወፍጮውና አረቄ ሻጯ አንድ ዓይነት ይከፍላሉ። እኩልነት ደስ የሚል ቃል ነው፤ ነገር ግን የገንዘቡ እኩል መሆን የሸክሙ እኩል መሆን አይደለም። አንድ መቶ ብር ለአንዱ የአንድ ቀን ሻይ ነው፤ ለሌላው የአንድ ወር ጨውና ጋዝ ነው። መዋጮው ከፍ ባለ ቍጥር ባለ ወፍጮው አይሰማውም፤ ከዝርዝሩ የምትወጣው አሥራ አንደኛዋ ናት። በተጨማሪም ቤተ ሰብ ሲባል ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋራ ስለሆነ፥ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ወይም ዘመድ በቤት ውስጥ ሲኖር ተጨማሪ ይከፈልበታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር እኛን ይመለከታል፥ ጓደኞቻችን! በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁሉ ከ18 ዓመት አልፈናል። ዛሬ የተማሪዎች ክሊኒክ አለን። በምረቃ ማግስት ግን ክሊኒኩ ይቀራል፤ ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ደመወዝ የለውም፤ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ ደግሞ በአባቱ ደብተር ላይ ስሙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አይጻፍም። ያን ጊዜ «የባላገር ጉዳይ» ያልነው ጉዳይ የምሩቅ ጉዳይ ይሆናል። የሳቁብን ጓደኞቻችን ይህንን እንዲያስቡበት በፍቅር እናሳስባቸዋለን።

አራተኛው ነገር መድኃኒት ነው። ደብተሩ ታድሶ፥ ሐኪሙ መርምሮ፥ ወረቀቱ ተጽፎ ወደ መድኃኒት መስኮት ሲደረስ «የለም፤ ከውጭ ግዙ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ከመካከላችን ማነው? ለባለ ገንዘብ ይህ ቃል ወደ ሌላ መደብር መሄድ ብቻ ነው። አስቀድሞ መዋጮ ለከፈለ ድኃ ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ አገር የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመድኃኒት ዋጋም አብሮ መጨመሩ የማይቀር ነው። እንግዲህ የመድኑ ሣጥን በትናንት ብር ተሰብስቦ በዛሬ ዋጋ ሲገዛ ጉድለቱ በመስኮቱ ላይ «የለም» ሆኖ ይገለጣል። ሰው ደግሞ ለማይገኝ ነገር ሁለተኛ አይከፍልም። በማሳደሻው ወር «ምን ተጠቀምኩና!» ብሎ ይቀራል። እርሱ ሲቀር ሣጥኑ ይብስ ይጎድላል፤ ሣጥኑ ሲጎድል መድኃኒቱ ይብስ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን አዙሪት ከደኅና ጊዜው መቁረጥ ያስፈልጋል።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌሎች አገሮች እንመልከት።

ሩዋንዳ የማኅበረሰብ ጤና መድንን ከእኛ በፊት እ.ኤ.አ. በ1999 በሙከራ ጀምራ በአገር ሙሉ ያስፋፋች ናት። ቀድሞ መዋጮው ለሁሉም በነፍስ ወከፍ 1000 የሩዋንዳ ፍራንክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ተለውጦ እንደ ኑሮው ደረጃ 2000፥ 3000 እና 7000 ፍራንክ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹን ድኆች መንግሥትና ረጂዎች ከፈሉላቸው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ያለው ብዙ፥ የሌለው ጥቂት። ነገር ግን እዚያም ቢሆን «ያለ ደረጃዬ መደቡኝ» የሚል አቤቱታ በዛ። ከዚህ የምንማረው ደረጃ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ፥ ደረጃውን የሚያወጣው ሰው የሚጠየቅበትና አቤቱታ የሚሰማበት መንገድም እንደሚያስፈልግ ነው።

ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ቍጥር 650 ብሔራዊ የጤና መድን ስታቋቁም ሌላ ብልኀት አገኘች። ከአባሉ መዋጮ በተጨማሪ በዕቃና በአገልግሎት ሽያጭ ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድን ቀረጥ ጣለች። የመድኑ አብዛኛው ገንዘብ ከዚህ የሚመጣ ሆነ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ከ70 ዓመት በላይ ያሉ ሽማግሎች መዋጮ እንዳይከፍሉ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እርጉዞች ተጨመሩ። ሣጥኑ በድኃው ጥር ወር ላይ ብቻ ካልተንጠለጠለ ድኃውን ሳያስጨንቁ ማዳን እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ሀብታሟን አሜሪካንም እንመልከት። እዚያ ለድኆች የቆመው መድን ሜዲኬይድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሠረተ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፥ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ፥ ማንም ሰው ከዝርዝሩ እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር። ይህ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 መጨረሻ ቀረና ሁሉም ሰው እንደ ገና እንዲመረመር ታዘዘ። ከ25 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከመድኑ ወጣ። የሚያስደንቀው ነገር ከነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የወጡት ሀብታም ሆነው ተገኝተው አይደለም፤ ቅጹን በጊዜው ስላልመለሱ፥ ደብዳቤው በአሮጌው አድራሻ ስለሄደ፥ ወረቀት ስለጎደለ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የአርካንሳስ ግዛት ድኆቹ መሥራታቸውን በየወሩ እንዲያስታውቁ ባዘዘ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ 18,000 የሚያህል ሰው መድኑን አጣ። ማስታወቂያው መጀመሪያ በኢንተርኔት ብቻ ነበርና።

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያች አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይኖራሉ፤ ከነርሱም ውስጥ በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡ አሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ያላቸው የሜዲኬይድ መብት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲቀር ወስኗል። ከመካከላችን በየወሩ ከዚያ በሚላክ ገንዘብ የሚማር አለ። የላኪው መድን ሲነካ የተቀባዩም ደብተር ይነካል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ድኃ ከመድን የሚወጣው ገንዘብ በማጣት ብቻ አይደለም። ቀን በማለፉ፥ ወረቀት በመጥፋቱ፥ ባለማንበቡ፥ ባለመስማቱም ይወጣል። ሕጉ በሩን ሳይዘጋ የበሩን ጕበን ከፍ በማድረግ ብቻ ብዙ ሰው ውጭ ሊያስቀር ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከመካከላችን ሁለት አሳብ እንዳለ አንሰውራችሁም። ገሚሶቻችን «ድኃ መዋጮ መጠየቁ ራሱ ስሕተት ነው፤ ሁሉም ከግብር ይከፈል» እንላለን። ለዚህም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ገንዘብ የመመደብ ግዴታ እንዳለበት መደንገጉን እንጠቅሳለን። በአቡጃም እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መንግሥታት ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ለማዋል ቃል መግባታቸውን እናስታውሳለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ያዋጣ ሰው ይጠይቃል፤ ‹ገንዘቤ የት ደረሰ? መድኃኒቱ ለምን ታጣ?› ለማለት አፍ ያገኛል፤ በነጻ የተሰጠ ነገር ግን ሰጪው ሲሰለች ይቀራል» እንላለን። ክርክሩ አላለቀም፤ መምህራኖቻችንም እንዲዳኙን እንፈልጋለን። ሆኖም በሚከተሉት አራት ነገሮች ሁላችንም ተስማምተናል።

አንደኛ፥ በነጻ የሚገቡት ቤቶች ቍጥር አስቀድሞ በተወሰነ ኮታ ሳይሆን በቀበሌው በተገኘው ችግር ልክ ይሁን። ኮሚቴው «ስንት ቦታ አለን?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ሰው መክፈል አይችልም?» ብሎ ይጀምር። ዝርዝሩም በይፋ ይለጠፍ፤ የቀረ ሰው አቤት የሚልበት ቀንና ቦታ ይኑረው።

ሁለተኛ፥ መዋጮው እንደ ገቢው ይለያይ። ይህ በተጀመረበት ቦታ ሁሉ ይጽና፤ ባልተጀመረበት ይጀመር። የአንድ ወረዳ ሣጥንም ብቻውን አይቁም። ድርቅ የመታው ወረዳ ብዙ ሕመምተኛና ጥቂት ከፋይ ያለው ስለሆነ፥ ሣጥኖቹ በሰፊው ተደጋግፈው ሊቆሙ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ማሳደሻ ቀን ያለፈበት ሰው በአንድ ጊዜ አይጣል። በብዙ ወረዳ መዋጮው የሚሰበሰበው መኸር ከገባ በኋላ ነው፤ መኸሩ ያልሰመረለት ገበሬ ግን ምን ያድርግ? በሁለት በሦስት ጊዜ ከፍሎ የሚጨርስበት መንገድ ይከፈትለት። ይህንን የሚሰበስብ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ ዕድሮቻችን ሳንቲም በመሰብሰብ የታወቁ ናቸው።

አራተኛ፥ «የለም፤ ከውጭ ግዙ» የተባለ አባል የውጭው ሒሳብ በመድኑ ይከፈልለት። ለዚህም መድኑ ከመድኃኒት መደብሮች ጋራ ውል ይግባ፤ ይህ በተደረገበት ቦታ ደግሞ አባሉ መብቱን እንዲያውቅ ይነገረው። አባል የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ማድረግ ከማናቸውም ስብከት ይልቅ አዲስ አባል ያመጣል።

እስካሁን የተናገርነው ሌላው ሰው ማድረግ ስለሚገባው ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንግግራችን በጭብጨባ ተጀምሮ በጭብጨባ ያለቀ ይሆን ነበር። የራሳችንንም ድርሻ እንናገር።

በሚመጣው ክረምት ሁላችንም ወደየአገራችን እንበተናለን። ማኅበራችን በዚህ ምሽት አንድ ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። እያንዳንዳችን በየቀበሌያችን አሥራ አንደኛውን ቤት እንፈልግ። ከነጻው ዝርዝር የቀረች፥ ለመክፈልም ያልቻለች አንዲት ቤት እንፈልግ። ቁጭ ብለን እናዳምጥ። ማሳደሻው መቼ እንደሆነ፥ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ ጠይቀን እንንገራቸው። ማመልከቻ መጻፍ ለማይችሉት እንጻፍላቸው፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ከተማርነው ይልቅ በስድስተኛ ክፍል የተማርነው ይበቃል። በመስከረም ስንመለስ የሰማነውን ስም ሳንጠራ በዚሁ ጋዜጣ ላይ እናትም። በአንድ ላይ ሲነበብ ማንም «አንድ ሰው ያወራው ወሬ ነው» ሊል አይችልም።

ከመካከላችን አንዲት እኅታችን «ለምን እያንዳንዳችን ገንዘብ አዋጥተን ለአንድ አንድ ቤት አንከፍልም?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሌላው ጓደኛችን «ይህ ምጽዋት ነው፤ ምጽዋት ሥርዓትን አይለውጥም» ብሎ መለሰላት። እርሷም «ሥርዓቱ እስኪለወጥ ልጅቱ ትሳል?» አለችው። ለዚህ መልስ አላገኘንም። ስለዚህ ሁለቱንም ለማድረግ ቍርጥ አሳብ አድርገናል፤ የሚተባበረን ቢገኝ የመዋጮው መዝገብ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ንግግራችንን ወደ ጀመርንበት እንመልሰው። ነገ ጧት ወደ ቤታችሁ ስልክ ደውሉ። ስለ ጤና፥ ስለ ዝናብ፥ ስለ ከብቱ ከጠየቃችሁ በኋላ «ደብተሩ ታድሷል ወይ?» በሉ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ደስ ይበላችሁ። «ገና ነው፤ የሚመጣው ዓመት እንከፍላለን» ከሆነ ግን የወሎዋን ሴትና የሸጧትን ላም አስታውሱ።